የሰከንድ ሺሕኛ

ኪቶ ፉርዲሳ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ከላይ ይወቅጣል፣
የኮምፒውተሬ ማራገቢያ ከታች ያቃስታል፤
አንዲት ጠጠር ከወረወርኩ ሦስተኛ ሌሊቴ ነው፣
እሷ ገና መንገድ ላይ ናት።

መስታወቱን እንዲህ አበጀሁት፦
ሁለት ገጽ ብርጭቆ፣ መሀላቸው ስስ ላስቲክ፤
ሁለት የተኳረፉ ወንድማማቾች፣ በመሀል አንድ ሽማግሌ፣
ቢሰበሩም እጃቸውን የማይለቅ።

ከዚያ በመረብ ሸነሸንኩት፣ ሁለት መቶ ሺህ ቅንጣት፤
ለያንዳንዷ ቁጥር ሰጠኋት፣ ክብደት ሰጠኋት፣
«እስከዚህ ቻይ፣ ከዚህ ካለፈ ተሰበሪ» አልኳት።
ልኩ ያለፈባትን ፕሮግራሙ ይሰርዛል፣
ሰበዝ ከሰፌድ እንደሚመዘዝ ይመዛል፤
ድምፅ የለው። አቧራ የለው። የሚደነግጥ የለም።

ወንድሜ ሳቢት ግን ጠጠሯን በአጋሮ መንገድ ነው ያገኛት፤
ከፊቱ የሚከንፍ ሲኖትራክ ከጎማው ሥር ተፋት።
አሥራ ሁለት ሰው ጭኗል። ጋቢና ሙኒራ አለች፣
ሰባት ወሯ ነው፤ የአቮካዶ ፌስታል አቅፋለች።
«ጠ!»
መስታወቱ አበበ እንጂ አልረገፈም፣
ከአቮካዶዎቹ አንዱ እንኳ አልተጫረም።

አጂፕ፣ ጋራዡ ድረስ ሄጄ ባየሁት ጊዜ
ጋሽ ዘይኑ ጥፍሩን በስንጥቁ ላይ አስኬደ፣
በውጪ ያዝ አደረገው፣ በውስጥ ሙልጭ ብሎ ወረደ።
«የላዩ ነው የሞተው» አለኝ፣ «የታችኛው ገና አልሰማም።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ለአማካሪዬ ጻፍኩለት፤
ምንጭ ጥቀሺ አለኝ።

ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ፤ አፈርኩም።
የእኔ ስንጥቅ በመረቤ ክር ብቻ ነው የሚጓዝ፣
እንደ ማዘጋጃ ቤት ካርታ በማዕዘን የሚታዘዝ፤
የሳቢት ስንጥቅ ግን አዌቱን ይመስላል፣
መንገድ ሳይጠይቅ፣ ሲሻው ይጠመዘዛል።
ተመልሼ መረቡን አወላገድኩት፣
ቀጥ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ አጣመምኩት፣
እንደ አዲስ ወረወርኩ።

በዚህ መሀል መብራት ሄደ።
ጠጠሯ መስታወቱን ልትነካ የፀጉር ስፋት ሲቀራት
ጨለማ ውስጥ ተንጠልጥላ ቀረች፤ እኔም አብሬያት።

ትናንት ሳቢት መጥቶ፣ ስክሪኑን አይቶ ሳቀብኝ፦
«የሰከንድ ሺሕኛ ለማየት ሦስት ሌሊት?
እኔ እኮ ዓይኔን ለመጨፈን እንኳ አልደረስኩም።»
መስታወቱን አልቀየረም። የአዲሱ ዋጋ የአራት ወር ገቢው ነው፤
አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አድርጎ
በስንጥቁ ጎን እያጮለቀ ይነዳል።

የጠጠሯ ፍጥነት ተሞልቷል፣ የላስቲኩ ትዕግሥትም፤
ያ አንገት የሚሞላበት ሳጥን ግን የለም።

ዝናቡ አባርቷል። መብራቱ መጣ።
ጠጠሯ ከዜሮ ተነሣች።