ቀፎ ቅየራ

በነሐሴ ሌሊት ኮርኒሱን ሰርስሮ
ዝናቡ ከሰርቨሩ ጀርባ ላይ አድሮ
ጠዋት ስንከፍተው፣ ቀፎው ውሃ ቋጥሮ፤
ቦርዱ ግን ደረቅ ነው። ተአምር አልለውም፣
ከፍ ብሎ ተሰክቶ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ምትክ ቀፎ መጣ ከግብርና ቢሮ፣
ስቶር ውስጥ የከረመ፣ በአቧራ ታጥሮ፤
ያው ፋብሪካ ሠርቶት፣ ዓመቱ ቢለይም፣
ብሎኑ ይገጥማል፤ ጠባዩን አላውቅም።
"ግጠሚው" አለኝ ሚልኪያስ በስልክ፣ ከአዲስ አበባ፣
"ብሎኑ ከገባ፣ ሁሉም ነገር ገባ።"

ገጠምኩት።
ቁልፉን ተጫንኩት።
ስድስቱም ማራገቢያ ባንድ አፍ ጮኸ፤
የካርድ ክፍሏ ነጃት ጆሮዋን ይዛ ወጣች፤
ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር፣ ነጭ በጥቁር፦
"ቻሲሱ አይታወቅም።"

ዲስኩ ደህና ነው፣ ሜሞሪው ደህና ነው፣
ያለበትን ቤት ብቻ አያውቅም። ስለዚህ ይጮኻል፣
ሕፃን በሰው ቤት ሲነቃ እንደሚያደርገው።

አባ ዱራ ዘበኛው፣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣
ጭቃውን ከቦቲያቸው እየጠረጉ በሩ ላይ ደረሱ።
የጌራ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ከዛፍ ቀፎ ሲያወርዱ የኖሩ፤
አንገታቸውን ሰገግ አድርገው፣ ጥቂት አዳምጠው ተናገሩ፦
"ንብ ነው እንዴ የያዛችሁት? ተቆጥቷል።
ቤት ለውጣችሁበት፣ ውስጡን በቅጠል ሳታሹለት፣ መቼ ያድራል?"
"ምን ቅጠል?" አልኩ። ስሙን በኦሮምኛ ነገሩኝ፤
ጩኸቱ ዋጠው፤ ከንፈራቸው ብቻ ታየኝ።

የኔ ቅጠል ፍላሽ ላይ ነበር፣
አርባ ሜጋ የማይሞላ ፈርምዌር።
ግን ከሁለት ወደ አራት አይዘለልም፣
መጀመሪያ ሦስት ነው፤ ሦስት ደግሞ የለም።
መሳቢያ ስንበረብር፣ ኸይሩ ሥራ ሲለቅ የተወው
አንድ ሲዲ ተገኘ፤ ጀርባው ላይ በእስክሪፕቶ የጻፈው፦
"አይጣል"።
ይቀመጥ ማለቱ ነው? ወይስ በማንም ላይ አይጣል?
ሁለቱንም ያስባል ኸይሩ፤ አውቀዋለሁ።

ጀመርኩ። አሁን መብራት ከሄደ ቦርዱ ድንጋይ ነው፣
በር ማስደገፊያ። ዩፒኤሱ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤
የጄኔሬተሩ ናፍታ ለኦፕራሲዮን ክፍል ነው።
ነጃት ሻማ አምጥታ፣ ሳትለኩስ ይዛ ቆመች፤
"ምን ሊያደርግልን?" ብላት፣ "እንጃ፣ እጄ ባዶ እንዳይሆን" አለች።

አሥራ ሁለት በመቶ። ሠላሳ። አርባ ሰባት።
አርባ ሰባት።
በመስኮቱ፣ ከአዌቱ ማዶ፣ ጨለማ ሰፈር በሰፈር ሲመጣ አየሁት፤
ቆጪ ጠፋ፤ ሂርማታ ጠፋ።
አርባ ሰባት።
የማናዋን ልጅ አሰብኩ፣ የሚጥል በሽታዋን፣ የክኒኗን ልክ፤
ፔኒሲሊን የማይስማማውን የዴዶ ሽማግሌ፤
አሥራ ስድስት ሺህ ካርድ፣ አንድ ሳጥን ውስጥ፣
ሳጥኑ ደግሞ የት እንዳለ የማያውቅ።

ስልሳ።
ትንፋሼን የት አስቀምጬው እንደነበር እንጃ፣ ተመለሰ።
ጨለማው አስፋልቱ ጋ ቆመ፤ ወደኛ አልተሻገረም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሦስት ገባ። ከዚያ አራት።
ከዚያ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ማራገቢያዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤
ጸጥታው ከጩኸቱ የባሰ አስደነገጠን፣
ሞተ ብለን ከነጃት ጋር ተያየን።
አባ ዱራ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ፦
"አደረ" አሉ። "ገባልሽ።"

ስክሪኑ ላይ ቀፎው ስም አገኘ፣
ማራገቢያው ስድስት፣ ሙቀቱ ሠላሳ አንድ።
አንድ ቢጫ መብራት ግን እስካሁን ብልጭ ይላል፤
መመሪያው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፣ በፕላስተር ሸፈንኩት።

አሮጌውን ቀፎ አባ ዱራ ለመኑኝ።
"ንብ ልታስገቡበት?" ብላቸው፣ አዘኑልኝ፦
"ብረት ለንብ? ቀን ይጋግራል፣ ሌት ይበርዳል።
ለዶሮዬ ነው።"

በሳምንቱ በሩ ላይ አገኘኋቸው፣
"እሺ አለች? ገባች?" አልኳቸው።
አልመለሱም፤ የመዳፋቸውን አውራ ጣት አጠፉና
የቀሩትን አሳዩኝ፦
አራት።