አንድ ቀን ጨምሪ

አባቴ ፍሬን ያዥ፣ የዕቃ ባቡር ላይ፣
በአሥራ ሁለት ቀን አንዴ ከዚራ የሚታይ።
እናቴ ነጋዴ፣ ቶጎ ጫሌ ወርዳ፣
በአሥራ ስምንት ቀን የምትመጣ እንግዳ።
እሱ በገባ ማታ የእሷ ሻንጣ የለም፣
እሷ በገባች ማታ የእሱ ጫማ የለም፤
አልፎ አልፎ ይገጥማሉ፣
መቼ እንደሆን ግን የሚነግረኝ የለም።

አንድ ማክሰኞ ጧት ባንድ በር ወጡና፣
እሱ ወደ ለገሃር፣ እሷ ወደ መኪና፣
እኔ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቲቸር ኑሪያ ጠመኔ ይዛ፣
"የቁጥር ዘሩ" አለችን፣ "ቢረዝምም፣ ቢበዛ፣
ከሥሩ የምታገኙት ብቸኛ ነው፣ ብቸኛ፤
ከአንድና ከራሱ በቀር የሌለው ጓደኛ።"

ደቻቱ ደርቆ ነበር። አሸዋው ላይ ወርጄ፣
ዛፍ ሣልኩ በእንጨት፣ ቅርንጫፉን ቁልቁል ሰድጄ።
አሥራ ሁለት፦ ሁለትና ስድስት፤ ስድስት፦ ሁለትና ሦስት።
አሥራ ስምንት፦ ሁለትና ዘጠኝ፤ ዘጠኝ፦ ሦስትና ሦስት።
ግመሎች አለፉ፣ የአባቴን ሦስት ረገጡት፤
ደግሜ ጻፍኩት።

በሁለቱም ዘንድ ያለው አንድ ሁለት ነው፣ አንድ ሦስት፤
ሲባዛ ስድስት።
"ትልቁ የጋራ አካፋይ" ይለዋል መጽሐፉ።
እኔ የማውቀው የጋራቸውን፦ ገና ደጁን ሲያልፉ፣
ሻንጣም ሳይወርድ፣ ጫማም ሳይወልቅ፣ ሁለቱም አክስቴን
"ልጅቷ በላች?" ማለታቸውን።

ለመገናኛው ቀን ደግሞ ከየዛፉ የበዛውን፣
ከአባቴ ሁለት ሁለቱን፣ ከእናቴ ሦስት ሦስቱን፤
አራት ጊዜ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ስድስት።
ረቡዕ ይውላል። ለማንም አልተናገርኩት።

ረቡዕ እናቴ መጣች፤
አቧራዋን ታጥባ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።
ባቡሩ አራት ሰዓት ዘገየ።
እኔ ስንት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ስንት ጊዜ ልቤ ተለያየ፤
ከዚያ የጣቢያው ፊሽካ፣ ከዚያ የናፍጣ ሽታ፣
ከዚያ "ልጅቷ በላች?" ሲባል ሁለተኛ በዚያው ማታ።
ሙቀቱ ቤት አያስተኛም፤ ግቢ አልጋ ዘርግተን አደርን፤
ሁለት ማንኮራፋት ስሰማ፣
እንቅልፍ ምን ያደርግልኛል ለኔማ!

ሲነጋ እናቴ አለች፦ "ሾፌራችን አዲስ አይሱዙ ገዛ፣
መንገዱ አጠረልኝ፣ የምሥራች ልያዛ!
ከእንግዲህ በአሥራ ሰባት ነኝ፤ አንድ ቀን ቆረጥኩልሽ።"
አክስቴ ዘይቱና እልል አለች።
እኔ እርሳስ አነሣሁ።

አሥራ ሰባትን ሁለት አይከፍለው፣ ሦስት አይከፍለው፣
አምስት አይከፍለው፣ ሰባት አይከፍለው፤
ከአባቴ አሥራ ሁለት ጋር የሚጋሩት የላቸው።
አንድም የጋራ ከሌለ፣ ማባዛት ነው በሙሉ፦
ሁለት መቶ አራት ቀን ሳይገጥሙ ይውላሉ፤
ሰባት ወር ሊሞላ ስድስት ቀን ሲቀረው!

"እማ፣ አንድ ቀን ጨምሪ።"
በጥፊ የመታኋት ያህል ዞረች። "ምን አልሽ? እዚያው ልቅር?"
አክስቴ "አፍሽን!" አለች።
እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ብር ግን ማን እንደ እሷ ይቆጥር?

የለውዝ ጣሳ አመጣሁ፤ ምንጣፉ ላይ በረድፍ ደረደርኩ፣
ለእሱ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት፣ ለእሷ አሥራ ስምንት እያልኩ፤
ሦስተኛው የእሱና ሁለተኛው የእሷ ጫፍ ለጫፍ ገጠሙ።
ከዚያ በአሥራ ሰባት። ረድፎቹ ሄዱ፣ ሄዱ፣ አልገጠሙ፤
በሩ ጋ ደረስኩ። ጣሳው ባዶ ሆነ።
እናቴ አየች፣ አየች። ምንም አላለች።
አንዲት ለውዝ አንሥታ በላች።

ፈተናው ላይ መጣ፦ የአሥራ ሁለትና የአሥራ ስምንት፣
ትንሹ የጋራ ብዜት።
"ሠላሳ ስድስት" ብቻ ጻፍኩ፣ ወረቀቱን ሰጠሁ፤
ቲቸር ኑሪያ ቀይ አሰመረች፣ ግማሽ ነጥብ አገኘሁ።
"ስሌቱስ?" አለች፣ "ስሌቱ የታለ?"
ምን ልበላት? በዚያው ሰሞን እናቴ
በአሥራ ሰባተኛው ቀን አይሱዙው ሲነሣ አልተሳፈረችም፤
ሾፌሩ ስቆባታል፣ እሷ አልመለሰችም።
ስሌቱ አንድ ሌሊት፣
ጅጅጋ፣ ጆንያ ተንተርሶ አደረ።