ዘግቻለሁ አለች

ቱርኩ ወደቡ ላይ ባሕሩ ሲጋገር፣
ከሌሊቱ ስምንት ተጀመረ ነገር፤
የመርከቡ ቲኬት አልቆረጥ አለና
የጭነት መኪናው ቆመ በጎዳና።
እኔ ቋት ጠባቂ፣ ቱሊኪ ኮድ ጸሐፊ፣
ውጭ ነፋስ ብቻ ነው የሌሊት አላፊ።

መቶ ግንኙነት ነው ሰርቨሩ የሚችለው፤
ቆጠርኩ፤ መቶው ተይዟል፣ ትርፍ ወንበር የለው።
«አልዘጋሽም፣» አልኳት። «ዘግቻለሁ፣» አለች፤
መስመሩን በጣቷ እየነካች ማለች።
እውነቷን ነው፤ አየሁ፦ ከየመክፈቻው
ሥር ‹ዲስፖዝ› ተጽፏል፣ ማሰናበቻው።
የኔም ሰሌዳ ግን ውሸት አያውቅም፤
መቶ ስም ተኝቷል፣ ቦታ አይለቅም።

ተኳረፍን።
ሻይ አፈላች፣ ለራሷ ብቻ።

በመጨረሻ ለኦስሞ ደወልን፣
ጡረታ ወጥቶ በረዶ በስቶ ዓሣ ለሚያጠምደው።
በዚያ ሰዓት አነሣ። ሰምቶ ሳቀ።

«ከታክሲ ስትወርጂ በሩን ትዘጊያለሽ፤
መኪናው ፈረሰ፣ ቀለጠ ትያለሽ?
ተራው ላይ ይቆማል፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣
በብርድ ማስነሣት እጅግ ስለሚያለፋ።
ያሰናበትሻቸው ገንዳው ውስጥ ናቸው፤
እንቅልፍ ነው እንጂ ሞት አልወሰዳቸው።

ግን መቶ ይበዛል፣» አለ ድምፁን ቀንሶ።
«ከታክሲው ያልወረደ ሰው አለ። እሱን ፈልጉ።»

እናም የተኙትን አንድ በአንድ ጠየቅን፦
የመጨረሻ ቃልህ ምን ነበር?
ዘጠና ሦስቱ አንድ ቃል መለሱ፦
ውሻ።

ውሻ ይዞ የሚሳፈር፣ የክትባት ወረቀት የጎደለው፣
እሱ ሲመጣ ኮዱ «አይቻልም» ይልና
በመስኮት ዘሎ ይወጣል፣
መዝጊያው መስመር ጋ ሳይደርስ።
ሾፌሩም ይጠብቃል፣
በሩ እንደተከፈተ፣ ሒሳቡ እንደቆጠረ።

ከመስመሩ ጎን የጸሐፊው ስም አለ።
የኔ።
ሐምሌ ላይ፣ እሷ ዕረፍት ወጥታ፣
«ትንሽ ነገር ናት» ብዬ የሰካኋት።

ቱሊኪ ምንም አልተናገረችም። መስመሩን አጠረችው፣
በበርም ቢወጣ በመስኮት፣ መዝጊያው እንዳይቀር።
እኔ ዘጠና ሦስቱን በእጄ አሰናበትኩ፤
ሰባት ቀሩ፣ የተኙ።
ሰባቱን አልነካኋቸውም። ይተኙ።

መኪኖቹ ወደ መርከቡ ሆድ ገቡ፣
ካንዱ መስኮት ውሻ አንገቱን አውጥቶ።
ቱሊኪ ሁለተኛ ብርጭቆ አመጣች።
ሻዩ በርዶ ነበር።
ጠጣሁት።