«ከ» እና «እስከ»

ሕጉ አንድ መስመር ነው፤ «ከወር እስከ ዓመት»፣
በሁለቱ መሃል ስንት አለ ሌሊት!
ሜዳው አጥር የለው፣ ችካል አልቆመበት፣
«ዳኛው ይችላል» ነው የተጻፈበት።

ማክሰኞ በፔኒሽ፣ ማዕበሉ ከብዶ፣
አንሴልሞ ቀረበ፣ ከፖሊስ ጋር ማልዶ፤
ከተዘጋው ዓለት፣ ጨረቃ ስትጠልቅ፣
ተይዞ ነው፣ በቢላ ዛጎል ሲፈለቅቅ።
ዳኛ ኦሊንዳ አየች፣ እጁን፣ ጨው የላጠውን ቁስል፤
«አንድ ወር፣ በገደብ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ መሳል።

ከምሳ በኋላ ኤቫሪስቶ ቆመ፤
የዳኛዋ መንጋጋ ያን ሰዓት ታመመ።
ያው ዓለት፣ ያው ሌሊት፣ ያው ዛጎል፣ ያው ቢላ፤
የሱም እጅ ቆስሏል፣ ግን አጣምሮታል ወደ ኋላ።
«ስምንት ወር» አለች፤ እኔም ቀና አልኩ፣
ብዕሬን ወረቀት ላይ ትንሽ አንጠለጠልኩ፣
ከዚያ ጻፍኩ።

ሕግ አልጣሰችም፤ በሜዳው ውስጥ ናት፣
ይግባኝ ሰሚው ቢያይ ምንም አያገኝባት።
«የጥፋቱን ክብደት፣ ጠባዩን መዝኜ» ይላል ፍርዱ፤
እኔ ነኝ ያን ፊደል በጣቴ የመታሁት፣
ሚዛኑን ግን አላየሁት።

ረቡዕ ጠዋት መጣች፣ ጉንጯ እንዳበጠ፣ ፈገግ ብላ፣
«ተነቀለ» አለችኝ።
ጥርሱን ነው።

የኤቫሪስቶ መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤
ማኅተም ካላረፈበት ወህኒ ቤቱ አይቀበለው።
ዛሬ ባትመው፣ አርብም ባትመው፣ የሚጠይቀኝ የለም፤
ለካ ለጸሐፊም ተርፎታል፣ ከዚያ ሜዳ ጥቂት ስንዝር።
ሬዲዮው ሐሙስ ባሕሩ ይረጋል አለ።
ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።