ለጦይባ የሠራሁት ክፈፍ

አናጢ ነኝ እኔ፤ እርሳስ ከጆሮዬ፣ ሜትር ከኪሴ አይለይም፤
ጫፉ ያልታወቀን ነገር እንኳን ልከፍፈው አላይም።

ጦይባ መጣች በጠዋት፣ ከነገደ ወይጦ ሰፈር፣
ሸራዋን ከልብሷ አርቃ፣ ቀለሙ ገና ሳይሰፍር።
"ክፈፍልኝ" አለች። አየሁት። ዘወር አድርጌ ገለበጥሁት፤
"ታንኳው የት አለ?" አልኳት፤ በጣቴ ፈልጌ አጣሁት።
መስመር የለው፣ ዳር የለው፤ ግራጫ ወርቅ ውስጥ ተነክሮ፣
ከጥጉ ወይን ጠጅ ነገር፣ እንደ ሰንበር ጠቁሮ።
"እሱ እምቦጭ ነው" አለች፤ "አበባው ያምራል፣ ሐይቁን ይገድላል፤
የታመመን ፊት የሚሥል በሽታውን እንዴት ይዘላል?"

እኔ ያደግሁት ዘጌ ነው፣ ከገዳሙ ግድግዳ ሥር፤
የቅዱሳኑ ዓይን ታጥሮ በወፍራም ጥቁር መስመር፤
ቀዩ ቀይ፣ ቢጫው ቢጫ፣ ማንም ድንበር ሳይገፋ ውሎ፣
ክፉው እንኳ ቦታ አለው፣ ባንድ ዓይኑ በጎን ተሥሎ።
መስመር እኛም ቤት ነበረ፤ ለነጦይባ ሌላ ኩባያ፤
እናቴ አጥባ አጥር ላይ የምትሰቅለው፣ ከኛ ዕቃ ለመለያ።

ይሄን አልነገርኳትም።

የዘጌውን ብቻ ነገርኳት። ሳቀች። "እዚያ ቆመሃል፣ እነሱ ያዩሃል፤
እዚህ ማየት ያንተ ነው፤ አንተ ግን ቸኩለሃል።
አባቴ የሚያስረው ታንኳ፣ ዕድሜው ሁለት ወር ቢሆን ነው፤
ሐይቁን እየጠጣ ይከብዳል፤ ሲጠግብ ሐይቁን ነው የሚሆነው።
አባቴ አያለቅስለትም፤ ሌላ ደንገል ያጭዳል፤
ዛሬ መስመር ባጥርለት፣ ነገ ሰምጦ ይክዳል።"

ሰባት ሸራ ናቸው። አንድ ታንኳ፣ ሰባት ቀን፣ ከሱብሒ በኋላ፤
በሰባተኛው ቢፈለግ ታንኳ የለም፤ ያለው ጥላ።
ብሩሿም ደንገል ነው፤ ጫፉን አኝካ አላምጣ፤
"ራቅ በል" አለችኝ፤ ራቅሁ፤ ከደጃፌ አልፌ ስወጣ
ዞሬ ባይ፣ አንድ ሰው ቀዘፈ። ጎባጣ።
በመጋዝ ብናኙ መሃል የቀረሶ ሽታ መጣ።

ተጠግቼ ባየው ጠፋ።

የሆቴሉ ሰው አንድ ቀን፣ "ሰማያዊ አብዢበት፤
ለእንግዳ መቀበያው ነው፤ ፔሊካንም ጨምሪበት"
ብሏት ነበር አሉ።
"በርሯል" አለችው፣ "አልደረስህም።"

ሦስቱን ጎን በዋንዛ ሠራሁ፤ ማዕዘኑን ለካሁ፣ ላግሁ፤
አራተኛውን እንጨት ይዤ፣ ምስማር እንደ ነከስሁ፣
እስከ መግሪብ ተቀመጥሁ።
በዚያ በኩል ነው ሰውዬው የሚወጣው።
በዚያ በኩል ነው ውሃው የሚመጣው።

ጦይባ ምንም አልጠየቀች፤ በጣቷ ጎዶሎውን ዳበሰች፤
"የሦስት ጎን ሒሳብ ነው" አልኳት፤ የአራት ቆጥራ ከፈለች።
እንጨቷ ዛሬም ከጥጌ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤
ሐምሌ በገባ ቁጥር፣
እርጥበት ጠጥታ ታብጣለች።