የብልሽት መዝገብ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራሁ፣ በስልክ ቤት፤
ጆሮዬ ነበረ፣ ከተማው ያለፈበት።
«ሃሎ፣ ድሬዳዋ!» ሲል ሐረር ከማዶ፣
ጣቴ ያገናኝ ነበር፣ ቀዳዳው ጋ ሄዶ።
ማን ማንን እንዳጨ፣ ማን ማንን እንዳማ፣
የማን ሱቅ እንደከሰረ ጎረቤት ሳይሰማ፣
ሁሉን ሰማሁ።
አንዱንም አልተናገርኩም።

ዛሬ ጡረታ ላይ፣ ከዚራ፣ ሳሎኔ፣
ሌላ አገናኝ አለ፣ ያረጀ እንደኔ።
ዘጠኝ ዓመት ሞላው ራውተሩ ሲያገለግል፤
አንዱ መብራት ጠፍቷል፣ አንዱ ቀልቶ ይግላል፣
ሦስተኛው ብልጭ፣ ድርግም፣
እንደ ሽማግሌ ሳል፣ ጀምሮ አይጨርስም።

ኢብሳ መጣ፣ መሰላል ትከሻው ላይ፣ ላቡ በግንባሩ፤
«አዴ ፀዳለ» አለኝ፣ «ይቀየር፤ አርጅቷል ነገሩ።»
ዝም አልኩ።
ይህን ቃል አውቀዋለሁ።
አውቶማቲኩ መጥቶ ወንበራችን ሲነሳ፣
አለቃችን ያለው ይህንኑ ነው፣ አንድ ፊደል ሳይረሳ።
ዕድሜ ብቻ ከሆነ የነገር መቁረጫው፣
የግቢዬ ዘይቱን ከእኔ እኩል ነው ዕድሜው፤
ዘንድሮም አፍርቷል። ማነው የሚገነድሰው?

ደብተር ገዛሁ ከአሸዋ፤
መስመር አሰመርኩበት፣ እንደ ሥራ ቤቱ፦
ቀን። ሰዓት። ብልሽት። ምክንያቱ።
ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቆመ። ሙቀት።
ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ተኩል፣ ቆመ። ሙቀት።
ረቡዕ ሌሊት፣ ደህና።
ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ፈቲያ በሩን አንኳኳች፦
«አዴ፣ ሄደብኝ!»
ከአጥሬ ውጭ ድንጋይ ላይ ናት፣ ለፈተና ታነባለች፤
የይለፍ ቃሉን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ገጹ ሲሞላ ገባኝ።
ለካ ይሄ ምስኪን፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣
በድሬ ከሰዓት ይጠበስ ኖሯል፣ ያለ ጥላ፣
በዚያ ላይ ዳንቴል ደርቦ!
ዳንቴሉን የሠራሁት፣ ያለበስኩትም እኔው ነኝ፣
አቧራ እንዳይነካው ብዬ። አፈርኩ። ደግነቱ ማንም አላየኝ።
ገፈፍኩት። ከፍ አድርጌ ነፋስ መንገድ ላይ አስቀመጥኩት።
ነቀልኩት፣ ሠላሳ ቆጠርኩ፣ መልሼ ሰካሁት።
በወር አሥራ አራቴ ይወድቅ የነበረው፣ ወረደ ወደ ሦስት።
ለኢብሳ ደወልኩ፦ «ሙቀት ነበር ልጄ፣ አይደለም እርጅና፤
አንተንም ዳንቴል አልብሼ ፀሐይ ላይ ባቆምህ፣ አትውልም ደህና!»

ሳቀ። ከሳምንት በኋላ ግን መጣ፣ ሳቁን ትቶ።
«ሌላ ነገር አለ» አለኝ፣ ጀርባውን ገልብጦ አይቶ።
«የሠራው ፋብሪካ ትቶታል፤ እድሳት አይልክለትም።
ቁልፉ የድሮ ነው፣ አዴ። ሌባው ግን የድሮ አይደለም።
ሰው ቢገባበት አያውቅም።
ቢያውቅም አይነግርሽም።»

የጡረታ ብሬ በስልክ ነው የሚገባው።
የልጄ የትርሲት ድምፅ ከጎዴ በእሱ ነው የሚመጣው፤
ፈቲያም አጥሬ ጥግ ሆና ለማን እንደሁ እንጃ፣
እየሳቀች የምትጽፈው።
ብሩስ ይሁን።
አገናኝ ሊደክም ይችላል፤ ሊያነክስ፣ ሊያረፍድ፤
ወንበሩን መልቀቅ ያለበት ግን
ምስጢር መጠበቅ ሲያቅተው ነው።

«መቼ ላምጣ?» አለ።
«ነገ» አልኩት። «ሳይሞቅ ና።»

አሮጌውን በእጄ ነቀልኩት። ሠላሳ ቆጠርኩ፣ በልማድ።
ሠላሳ አንድ አልኩ።
አልሰካሁትም።

የመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ፦
ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ሠላሳ ስምንት ዲግሪ።
አልቆመም።
ፈቲያ ግን አንኳኳች፦ «አዴ፣ አዲሱ ቁልፍ ስንት ነው?»
በጆሮዋ ነገርኳት፣ ቁጥር በቁጥር፣
እንደ ድሮው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
ዳንቴሉን አጥቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።
እስካሁን ሁለቴ አውጥቼዋለሁ።