አርባ ባዶ ቤት

ማክሰኞ፣ ቤርሳቤህ፣ የመጠለያው ክፍል፤
ከብረት በሩ ኋላ፣ ማሪምባው አጠገብ፣
የጭነት መኪና ታምቡር፣ የተሰበረ ገል፣
ግማሽ ውሃ የያዘ ባልዲ፤ ሁሉም ኖታ አለው፣ እንደ ዳዊት የሚነበብ።

ገና ደረጃውን ሳትወርድ፣ ሊዩባ፣ "የቱን ልምታ?"
"ምንም" እላታለሁ። "ቁጠሪ፣ በዝምታ፤
አርባ ባዶ ቤት አለሽ፣
ከዚያ አንድ ምት፤ እሷ ናት ድርሻሽ።"
ፊቷን ታጨፈግጋለች፣
አባቴን ትመስላለች።

አባቴ አንዴ መጣ ቴል አቪቭ፣ እኔን ሊያይ፣
የሰንበት ኮቱን ለብሶ፣ ከአሥራ አንድ ሰው ጋራ፤
ረጅም ቆምኩ፣ ክንዴን አንሥቼ አየር ላይ፣
ትሪያንግሉን መታሁ፣ አንዴ። መብራቱ በራ።

አውቶቡሱ ራሃትን ሲያልፍ ነው የተናገረው፦
"ለዚህ ይከፍሉሻል?"
"ጥቂት።" ሳቀ። "ወገራ ላይ እኔን 'ቀጥቃጭ' ብለው
ይሰድቡኝ ነበር፣ አንቺን ዲግሪ ይሰጡሻል።"

ከዚያ በጣቱ፣ ጉልበቱ ላይ፣ ሁለቴ ብረቱን፣
አንዴ መስፉን፣ ባዶውን።
"ክንድ የሚያርፈው እዚያ ነው" አለኝ፤
"ያላረፈ ክንድ የሚሠራው ማረሻ ጎባጣ ነው።"
እስከ መናኸሪያው ድረስ ጣቱ አላቆመም።

ዝምታ ብለን ስንጽፍ፣ በሆዱ "ምታ" አለ፤
በዕብራይስጥ ብሞክረው፣ ፈሰሰ፣ አልተቻለ።

ሊዩባ በከንፈሯ ትቆጥራለች።
ሠላሳ ስድስት። የባልዲው ውሃ ቀጥ ብሏል።
ሠላሳ ሰባት።
ሠላሳ ስምንት ላይ መታችው።

"ከአንድ" አልኳት።
በትሯን ወደ ላይ መለሰችው።